በበረዶ ላይ ስለሚደረግ የሕዝቦች ውድድርና ስለ ገና ጨዋታ

ለመንደር ትምህርት ቤት መምህራንና ለአገር ሽማግሌዎች

መግቢያ

ጨዋታ ለሕፃናት ብቻ የተተወ ከንቱ ነገር የሚመስላቸው ሰዎች ብዙ ናቸው። ነገር ግን አስተውሎ ለሚመረምር ሰው፥ ጨዋታ የሕግ የመጀመሪያ ትምህርት ቤት ነው። ልጅ ዳኛ ምን እንደ ሆነ፥ ወሰን ምን እንደ ሆነ፥ መሸነፍም ምን እንደ ሆነ አስቀድሞ የሚያውቀው በሜዳ ላይ ነው እንጂ በሸንጎ ላይ አይደለም። በሜዳ ላይ ዳኛን መናቅ የለመደ ልጅ፥ በጐለመሰ ጊዜ የሽማግሌን ቃል መስማት ይከብደዋል። ስለዚህ መምህር ልጆቹ በጥቁር ሰሌዳ ፊት የሚሠሩትን ብቻ ሳይሆን፥ ደወል ከተደወለ በኋላ በሜዳ የሚያደርጉትንም ሊመለከት ይገባዋል።

ይህ ትምህርት የሚናገረው በሩቅ አገር ስለሚደረግ፥ ሕዝብ ከሕዝብ ጋራ ስለሚወዳደርበት፥ የበረዶ ሆኪ ስለሚባል ጨዋታ ነው። ነገሩ በፎንቆና በሆሳዕና አካባቢ ለሚያድግ ልጅ እንግዳ ነው፤ ሆኖም ከገና ጨዋታ ጋራ የቅርብ ዘመድ ስለ ሆነ፥ ልጁ ከሚያውቀው ተነሥቶ ወደማያውቀው ለመድረስ መንገድ አለው። ከትምህርቱም ሦስት ጥቅም ይገኛል፤ አንደኛው የውሃን ተፈጥሮ ማወቅ፥ ሁለተኛው የምድርን አቀማመጥ መረዳት፥ ሦስተኛውና ዋናው ግን ሰዎች በወገን ተከፍለው ሲወዳደሩ ጠላት ሳይሆኑ እንዴት እንደሚመለሱ መማር ነው።

1ኛ ክፍል፤ ስለ በረዶ

በሐዲያና በከምባታ ደጋ የሚኖር ገበሬ በረዶን የሚያውቀው በክፉ ሥራው ነው። በክረምት ከሰማይ ወርዶ የእንሰቱን ቅጠል ይሰነጣጥቀዋል፤ የገብሱንና የስንዴውን ዛላ ያራግፈዋል። ከጥቂት ሰዓት በኋላ ግን ቀልጦ ውሃ ይሆናል፤ ጕዳቱ እንጂ አካሉ አይቀርም። በሌሊት የሚወርደው ውርጭም እንዲሁ ፀሐይ ስትወጣ ይጠፋል። እንግዲህ ለፎንቆ ልጅ «በሩቅ አገር ሰዎች በበረዶ ላይ ቆመው ይጫወታሉ» ቢሉት፥ ተረት ሊመስለው ይችላል። መምህሩም በልጁ መደነቅ ሊስቅበት አይገባም፤ መደነቅ የትምህርት በር ነውና።

ውሃ ሙቀቱ ወደ 0 ዲግሪ ሲወርድ ይረጋል፤ የረጋውም ውሃ በረዶ ይባላል። ታዲያ በሆሳዕና አካባቢ ኩሬና ወንዝ የማይረጋው ስለ ምንድር ነው? ሆሳዕና ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ደጋ ብትሆንም፥ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን የምትርቀው 7 ዲግሪ ተኩል ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ፀሐይ ዓመቱን በሙሉ ከፍ ብላ ትሄዳለች፤ ሌሊቱ ያቀዘቀዘውንም ቀኑ መልሶ ያሞቀዋል። በካናዳ የምትገኘው የሞንትሪያል ከተማ ግን 45 ዲግሪ ተኩል፥ የስዊድን ዋና ከተማ ስቶክሆልም ደግሞ 59 ዲግሪ ያህል ከምድር ወገብ ይርቃሉ። በዚያ በብርድ ወራት ፀሐይ ዝቅ ብላ ትሄዳለች፤ ቀኑ ያጥራል፤ ብርዱም ለሳምንታት ሳይቋረጥ ይቈያል። በዚህ ምክንያት ሐይቁ ይረጋል፤ የበረዶውም ውፍረት 10 ሳንቲ ሜትር ሲደርስ ሰውን መሸከም ይችላል።

እዚህ ላይ መምህሩ ልጆቹን አንድ ነገር ይጠይቃቸው፤ «ሐይቁ ከላይ ረግቶ ከታች ውሃ ሆኖ የሚቀረው ስለ ምንድር ነው?» መልሱን በፎንቆ በረዶ ማሳየት ይቻላል። በረዶ በሚወርድበት ቀን ልጆቹ ጥቂት ፍሬ ለቅመው ውሃ ባለበት ብርጭቆ ውስጥ ይጨምሩት። በረዶው አይሰጥምም፤ ይንሳፈፋል፤ ከአካሉ ብዙው በውሃ ውስጥ ሆኖ ጥቂቱ ብቻ ከላይ ይታያል። ይኸውም ውሃ በረጋ ጊዜ ስለሚሰፋና ከውሃ ስለሚቀል ነው። ስለዚህ በሐይቅ ላይ የረጋው በረዶ እንደ ክዳን ሆኖ ከላይ ይቀመጣል፤ ዓሣውም ከበታቹ ሳይሞት ይከርማል። በረዶ እንደ ድንጋይ የሚሰጥም ቢሆን ኖሮ፥ የቀዝቃዛ አገር ሐይቆች ከሥራቸው ጀምረው በረጉ፤ በውስጣቸው ያለውም ሕይወት ሁሉ በጠፋ ነበር።

ዛሬ ግን ብርድ በሌለበት አገርም በብልሃት የበረዶ ሜዳ ይሠራል። ጨው የበዛበት ውሃ ከ0 ዲግሪ በታች ቢቀዘቅዝም ቶሎ አይረጋም። ይህን የጨው ውሃ በመኪና አቀዝቅዘው፥ ከወለሉ በታች በተዘረጉ ቧንቧዎች ውስጥ ያስኬዱታል። ከወለሉም በላይ ንጹሕ ውሃ በስሱ በስሱ ሲያፈሱበት፥ እየረጋ አንዱ በአንዱ ላይ ይደራረብና ጥቂት ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ለስላሳ በረዶ ይሆናል። በብልሃት የተሠራ የበረዶ ሜዳ በ1876 እ.ኤ.አ. በሎንዶን ከተማ ተከፍቶ ነበር።

2ኛ ክፍል፤ ገናና ሆኪ

የገና ጨዋታ በኢትዮጵያ ደገኛ አገር ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነው። ተጫዋቹ ጫፉ የተቈለመመ በትር ይይዛል፤ በትሩም እንደ ጨዋታው ሁሉ ገና ይባላል። የሚመታውም ድብልብል ሩር ይባላል። ሁለት ወገን ሆነው ሩሯን እየመቱ ወደ ባላጋራቸው ግብ ለማድረስ ይታገላሉ። አባቶች ሲናገሩ፥ የጌታን ልደት የሰሙት እረኞች በደስታ በበትራቸው ተጫውተዋልና ጨዋታው የዚያ መታሰቢያ ነው ይላሉ። በዚያም ቀን ጌታና ሎሌ፥ ሀብታምና ድኻ በአንድ ሜዳ ይጫወቱ ነበር፤ ሎሌው ጌታውን ቢመታው ወይም ቢያሸንፈው ጌታው ሊቈጣ አይገባውም ነበር። ይህ ልማድ ትልቅ ትምህርት አለበት፤ በሜዳ ላይ ከሰዎች መካከል ማንም በልደቱ ወይም በሀብቱ ብልጫ የለውም ማለት ነውና።

ነገር ግን የቀድሞው የገና ጨዋታ ጕድለትም ነበረበት። የተጫዋቹ ቍጥር አልተወሰነም፤ የሜዳው ወሰን አልተለካም፤ የጨዋታውም ጊዜ ብዙ ጊዜ ፀሐይ እስክትጠልቅ ነበር። መንደር ከመንደር በተጋጠመ ጊዜ በትሩ ከሩሯ አልፎ የሰው እግርና ራስ ያገኝ ነበር።

በሌሎችም አገሮች በቈልማማ በትር ኳስ የሚመታበት ጨዋታ ከጥንት ጀምሮ ነበረ። እንግሊዞች በ19ኛው መቶ ዓመት ሥርዓት አውጥተውለት በሣር ላይ የሚደረገውን ሆኪ አቆሙ። ወደ ካናዳ የሄዱት ሰዎች ደግሞ ሐይቁና ወንዙ ለወራት ረግቶ በሚቈይበት አገር ስለ ሰፈሩ፥ በትሩን ይዘው ወደ በረዶው ወጡ። በ1875 እ.ኤ.አ. ማርች 3 ቀን በሞንትሪያል ከተማ፥ ጣራ ባለው የበረዶ ሜዳ ውስጥ፥ ቍጥራቸው በተወሰነ ሁለት ወገኖች መካከል ጨዋታ ተደረገ። የዛሬው የበረዶ ሆኪ መነሻ ያ ቀን እንደ ሆነ ይቈጠራል። እንግዲህ በገናና በበረዶ ሆኪ መካከል ያለው ልዩነት ሁለት ነው፤ አንዱ የረገጡት ወለል፥ ሌላው የተጻፈ ሕግ ነው።

3ኛ ክፍል፤ ስለ ጨዋታው ሥርዓት

ሜዳው ርዝመቱ 60 ሜትር፥ ወርዱ ከ26 እስከ 30 ሜትር ነው፤ ዙሪያውንም እንደ አጥር በሳንቃ ታጥሯል። ከእያንዳንዱ ወገን በአንድ ጊዜ ሜዳ ላይ የሚሰለፉት ስድስት ናቸው፤ ከስድስቱ አንዱ በረኛ ነው። የግቡ ወርድ 1 ሜትር ከ83 ሳንቲ ሜትር፥ ቁመቱ 1 ሜትር ከ22 ሳንቲ ሜትር ነው። ተጫዋቾቹ ከሥሩ ስለት ብረት የተተከለበት ጫማ ያደርጋሉ። የበረዶ ገጽ ከውስጡ ይልቅ የላላና የሚያዳልጥ ስስ ሽፋን ስላለው፥ ስለቱ በላዩ ላይ ያለ ችግር ይንሸራተታል።

የሚመቱትም እንደ ሩር ድብልብል አይደለም። ከጠንካራ ጎማ የተሠራ፥ እንደ ትንሽ ድፎ ዳቦ ክብና ጠፍጣፋ ነው፤ ወርዱ ሰባት ሳንቲ ሜትር ተኩል ያህል፥ ውፍረቱ ሁለት ሳንቲ ሜትር ተኩል ያህል፥ ክብደቱም ከ156 እስከ 170 ግራም ነው። ድብልብል ኳስ በበረዶ ላይ ይነጥራል፤ ጠፍጣፋው ግን ወለሉን ሳይለቅ ይንሸራተታል። ጨዋታው ሦስት ጊዜ ይከፈላል፤ እያንዳንዱም ክፍል 20 ደቂቃ ነው። ሩጫው እጅግ አድካሚ ስለ ሆነ፥ ተጫዋቾቹ ጨዋታው ሳይቆም እየተፈራረቁ ይገባሉ ይወጣሉ።

ከሥርዓቱ ሁሉ ለሽማግሌዎች አሳብ የሚስማማው የቅጣቱ ነገር ነው። አንድ ተጫዋች ባላጋራውን በበትር ቢመታ ወይም ቢያደናቅፍ፥ ዳኛው ከሜዳ አስወጥቶ ለብቻው በተሠራ መቀመጫ ሁለት ደቂቃ ያስቀምጠዋል፤ ጥፋቱ ከባድ ከሆነ ቅጣቱ አምስት ደቂቃ ወይም ከዚያ በላይ ይሆናል። በቦታውም ሌላ ሰው አይተካም፤ ወገኖቹ አንድ ሰው ጐድሎባቸው ይጫወታሉ። ስለዚህ የአንዱ ቍጣ የሁሉ ዕዳ ይሆናል። ተቀጣሪውም ተቀምጦ ወገኖቹ በእርሱ ምክንያት ሲደክሙ በዓይኑ ያያል፤ ከዱላና ከስድብ ይልቅ ይህ ልብን ይመልሳል። ጊዜውም ሲፈጸም ያለ ቂም ወደ ሜዳ ይመለሳል፤ ተቀጥቷልና ጥፋቱ አይነሣበትም።

4ኛ ክፍል፤ ስለ ሕዝቦች ውድድር

በ1908 እ.ኤ.አ. ሜይ 15 ቀን የቤልጂግ፥ የፈረንሳይ፥ የእንግሊዝና የስዊስ ተወካዮች በፓሪስ ተሰብስበው የበረዶ ሆኪ ዓለም አቀፍ ማኅበር አቆሙ። ዓላማውም አገሮች ሁሉ በአንድ ሕግ እንዲጫወቱ ነበር። አገር ለአገር ሕጉ የተለያየ ከሆነ፥ ያሸነፈው ጨዋታውን ያሸነፈ ሳይሆን ክርክሩን ያሸነፈ ይሆናልና።

በ1920 እ.ኤ.አ. በቤልጂግ በአንትወርፕ ከተማ በተደረገው የኦሎምፒክ በዓል የበረዶ ሆኪ ለመጀመሪያ ጊዜ ገባ። ያን ጊዜ ካናዳ አሸነፈች። ካናዳን ወክለው የሄዱት ከዊኒፔግ ከተማ የመጡ ወጣቶች ሲሆኑ፥ ከአንዱ በቀር ሁሉም ከአይስላንድ ደሴት የፈለሱ ሰዎች ልጆች ነበሩ። ወላጆቻቸው በሌላ ቋንቋ የሚናገሩ መጻተኞች ሲሆኑ፥ ልጆቹ የአዲሱን አገራቸውን ምልክት በደረታቸው አድርገው የዓለም አንደኛ ሆኑ። አገር ማለት በአንድ ሕግ ሥር በአንድነት መቆም እንጂ የአንድ ዘር መሆን ብቻ እንዳይደለ ይህ ምስክር ነው።

የዓለም ውድድር ከ1930 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሥርዓት ሲደረግ ቈይቷል። ለሴቶችም የመጀመሪያው የዓለም ውድድር በ1990 እ.ኤ.አ. በካናዳ በኦታዋ ከተማ ተደረገ። ከ1998 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በወንዶች ከፍተኛው ክፍል የሚወዳደሩት 16 አገሮች ናቸው። በመጨረሻ የተገኙት ወደ ታችኛው ክፍል ይወርዳሉ፤ ከታችም ያሸነፉት በቦታቸው ይወጣሉ። ስለዚህ ደካማው አገር ተስፋ አይቈርጥም፤ ብርቱውም አይዘናጋም። ጨዋታው ሲፈጸም የሁለቱ ወገን ተጫዋቾች በሰልፍ ተላልፈው እጅ ለእጅ ይጨባበጣሉ፤ የአሸናፊው አገር መዝሙር ሲዘመርም ተሸናፊዎቹ በክብር ቆመው ይሰማሉ።

ጨዋታው የቀዝቃዛ አገር ሕዝብ ርስት ብቻ ሆኖ አልቀረም። በምድር ወገብ አጠገብ በምትገኘው በናይሮቢ ከተማ በ2005 እ.ኤ.አ. የበረዶ ሜዳ ተከፈተ፤ የኬንያ ወጣቶችም ጨዋታውን ተምረው ቡድን አቆሙ። በ2024 እ.ኤ.አ. ኬንያ የዓለም አቀፉ ማኅበር አባል ሆነች።

5ኛ ክፍል፤ ጨዋታ ቂም በተሸከመ ጊዜ

የሕዝቦች ውድድር ሁልጊዜ ሰላምን ብቻ ያመጣል ብሎ ማስተማር እውነትን መደበቅ ነው። በ1968 እ.ኤ.አ. በኦገስት ወር የሶቪየት ኅብረትና የተባባሪዎቿ ሠራዊት ቼኮስሎቫኪያን ወረረ። የዓለም የበረዶ ሆኪ ውድድር በተከታዩ ዓመት በፕራግ ከተማ እንዲደረግ ታስቦ ነበር፤ ነገር ግን አገሩ በወታደር ስለ ተያዘ ውድድሩ ወደ ስቶክሆልም ተዛወረ። በማርች ወር 1969 እ.ኤ.አ. የቼኮስሎቫኪያ ቡድን ከሶቪየት ቡድን ጋራ ሁለት ጊዜ ተጋጥሞ፥ አንዱን 2 ለ0፥ ሁለተኛውን 4 ለ3 አሸነፈ። በሁለተኛው ሌሊት በፕራግና በሌሎች ከተሞች ሕዝቡ በብዛት ወደ አደባባይ ወጣ። ደስታውም ወደ ቍጣ ተለወጠ፤ በፕራግ የሶቪየት አየር መንገድ ቢሮ ተሰባበረ። ይህም ሁከት ለበለጠ ጭቈና ምክንያት ሆነ፤ በአፕሪል ወር የአገሩ የፓርቲ መሪ ዱብቼክ ከሥልጣናቸው ወረዱ። ዋንጫውንም በመጨረሻ የወሰደችው ሶቪየት ኅብረት ናት።

ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ትምህርት ሁለት ፊት አለው። በአንድ በኩል፥ በጦር የተሸነፈ ሕዝብ በሜዳ ክብሩን ሊያሳይ ችሏል። በሌላ በኩል፥ በሸንጎ ሊታይ የሚገባው በደል በሜዳ ሲጫን፥ ጨዋታው ሸክሙን ሊችለው አይችልም። የተበደለ ሰው ፍርድ ይሻል፤ ሦስትና አራት ግብ ፍርድ ሊሆንለት አይችልም።

6ኛ ክፍል፤ ኢትዮጵያ በሕዝቦች ውድድር

ኢትዮጵያ በበረዶ ሆኪ አልተወዳደረችም። ነገር ግን ሮቤል ተክለ ማርያም የሚባል በአዲስ አበባ ተወልዶ በአሜሪካ ያደገ ኢትዮጵያዊ፥ በ2006 እ.ኤ.አ. በኢጣሊያ በቶሪኖ ከተማ በተደረገው የክረምት ኦሎምፒክ፥ በበረዶ ላይ በሚደረገው የ15 ኪሎ ሜትር የስኪ ሩጫ ተወዳደረ። በዚያ በዓል የኢትዮጵያን ሰንደቅ ዓላማ የያዘ የመጀመሪያው ሰው እርሱ ነው። በ2010 እ.ኤ.አ. በካናዳ በቫንኩቨር በተደረገውም ተገኝቷል።

ሕዝብ ከሕዝብ በቡድን በሚወዳደርበት ጨዋታ ግን ኢትዮጵያ ታላቅ ታሪክ ያላት በእግር ኳስ ነው። የአፍሪካ የእግር ኳስ ማኅበር በ1949 ዓ.ም. በየካቲት ወር በካርቱም ሲቆም፥ መሥራቾቹ ግብፅ፥ ሱዳን፥ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ ነበሩ። የደቡብ አፍሪካ መንግሥት ግን በዘር መለያየት ይገዛ ስለ ነበረ፥ ነጭና ጥቁር የተቀላቀለበት ቡድን ለመላክ እምቢ አለ። ሌሎቹም «እንዲህ ከሆነ አትወዳደሩም» ብለው ከለከሏት። ስለዚህ የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ በሦስት አገሮች ብቻ ተደረገ። ኢትዮጵያ በፍጻሜው በግብፅ 4 ለ0 ተሸነፈች። ዋንጫውን ብታጣም፥ ሰውን በቀለሙ በሚለይ ሕግ ላለመጫወት ከቈረጡት መካከል ሆና ተመለሰች። በ1951 ዓ.ም. በካይሮም በግብፅና በሱዳን ተሸነፈች።

ሦስተኛው ውድድር በ1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተደረገ። ጊዜው በገናና በጥምቀት ሰሞን ነበር፤ ገና በዋለ በሳምንቱ፥ ጥር 6 ቀን፥ ኢትዮጵያ ቱኒዚያን 4 ለ2 አሸነፈች። ያን ጊዜ የተባበረችው የዐረብ ሪፐብሊክ ትባል የነበረችው ግብፅም ኡጋንዳን 2 ለ1 አሸነፈች። ጥምቀት በዋለ በሦስተኛው ቀን፥ እሑድ ጥር 13 ቀን፥ የፍጻሜው ጨዋታ ሆነ። ግብፅ ሁለት ጊዜ ቀድማ አገባች፤ ኢትዮጵያም ሁለት ጊዜ አቻ አደረገች። በመጀመሪያ ተክሌ፥ ቀጥሎም መደበኛው ጊዜ ሊፈጸም ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው አለቃቸው ሉቺያኖ ቫሳሎ አገቡ። በተጨመረው ጊዜ ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ አንዳንድ ግብ ጨምረው፥ ኢትዮጵያ 4 ለ2 አሸነፈች። ዋንጫውንም የሰጡት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ናቸው። የቡድኑ አሠልጣኝ ይድነቃቸው ተሰማ ነበሩ፤ እርሳቸውም ከ1972 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እስካረፉበት እስከ 1987 እ.ኤ.አ. የአፍሪካ የእግር ኳስ ማኅበር ፕሬዚዳንት ሆነው አገልግለዋል።

ሉቺያኖና ኢታሎ ወንድማማቾች ነበሩ፤ ከኢጣሊያዊ አባትና ከኤርትራዊት እናት በአስመራ ተወለዱ። እንግዲህ በዚያ ቀን «የአባትህ ዘር ማን ነው?» የተባለ ቢሆን ኖሮ፥ አቻ የሚያደርገው ሰው በሜዳው ባልተገኘ ነበር። በካርቱም ለሌላው የተነገረው ቃል በአዲስ አበባ በራስ ቤት ተፈጸመ።

7ኛ ክፍል፤ በመንደር ትምህርት ቤት ሊደረግ ስለሚገባው

በፎንቆና በአካባቢው ትምህርት ቤቶች የሚሰበሰቡት ልጆች ቤታቸው የሚናገሩት ቋንቋ አንድ ላይሆን ይችላል። የሐዲያ፥ የከምባታ፥ የስልጤ፥ የጉራጌና የአማራ ልጆች በአንድ መቀመጫ ሊቀመጡ ይችላሉ። ሁለት መንደር ወይም ሁለት ጐሣ በወገን ተከፍለው በጨዋታ ቢጋጠሙና አንድ ልጅ በበትር ቢፈነከት፥ ነገሩ በልጆቹ መካከል አይቀርም። ማታ ልጁ ደሙን ይዞ ቤቱ ይገባል፤ አባቱ «ማን መታህ?» ይላል፤ የመታው ልጅ ስም ሳይሆን የወገኑ ስም ይጠራል። በማግሥቱ በገበያ ሁለት አባቶች በክፉ ዓይን ይተያያሉ። በልጅ ጨዋታ የተጀመረውን ነገር ለማብረድ ሽማግሌዎች ብዙ ቀን ዛፍ ሥር ይውላሉ። ይህን ለመከላከል የሚከተለው ሥርዓት ይጠቅማል።

አንደኛ፥ ወገን የሚከፈለው በዕጣ ይሁን እንጂ በመንደር ወይም በጐሣ አይሁን። ዛሬ ባላጋራ የሆነው ልጅ በሚመጣው ሳምንት ወገን ይሆናልና፥ ቂም የሚይዝበት ቦታ አያገኝም።

ሁለተኛ፥ የተጫዋቹ ቍጥር እኩል ይሁን፤ የሜዳውም ወሰን በእርምጃ ተለክቶ በድንጋይ ይመልከት። ልኬቱንም ልጆቹ ራሳቸው ያድርጉት፤ የሒሳብ ትምህርት ይሆናቸዋል።

ሦስተኛ፥ በእንጨት ሩር ፈንታ የጨርቅ ኳስ ይሁን፤ በትሩም ከጕልበት በላይ አይነሣ።

አራተኛ፥ የሚያጠፋ ልጅ አይደብደብ፤ አይሰደብም። ነገር ግን ከሜዳ ወጥቶ በዳኛው አጠገብ ተቀምጦ ከ1 እስከ 120 ድምፁን ከፍ አድርጎ በዝግታ ይቍጠር። ይህ ሁለት ደቂቃ ያህል ነው፤ ሰዓት ለሌለው ትምህርት ቤትም ይበቃል። ቈጥሮ ሲፈጽም ይመለስ፤ ጥፋቱም ከዚያ በኋላ አይነሣበት።

አምስተኛ፥ ሴቶች ልጆችም ጊዜና ሜዳ ይሰጣቸው።

ስድስተኛ፥ በበዓል ቀን፥ በያሆዴ ወይም በመሳላ ወይም በገና ሰሞን፥ ሽማግሌዎች ተጋብዘው ጨዋታውን ይመልከቱ፤ ከመካከላቸውም አንዱ ዳኛ ይሁን። ልጆቹ የሽማግሌን ፍርድ በደስታ ቀን መቀበል ከለመዱ፥ በኀዘን ቀንም መቀበል አይከብዳቸውም። ጨዋታው ሲያልቅ ሁሉም እጅ ለእጅ ይጨባበጡ፤ ሳይጨባበጥም ማንም ወደ ቤቱ አይሂድ።

መደምደሚያ

በረዶ ለፎንቆ ገበሬ ጥፋት፥ ለሞንትሪያል ልጅ ሜዳ ነው። ነገሩ አንድ ሲሆን ጥቅሙና ጕዳቱ በሥርዓቱ ይለያያል። ውድድርም እንዲሁ ነው፤ ሕግና ዳኛ ከሌለው እንደ በረዶ ያገኘውን ሁሉ ይመታል፤ ወሰንና ሥርዓት ካበጁለት ግን ሰውን ሁሉ የሚሸከም ወለል ይሆናል። ልጆቹ በሩቅ አገር ስለሚደረገው ጨዋታ መስማታቸው መልካም ነው፤ ከዚህ የሚበልጠው ግን ከሜዳ ሲመለሱ ባላጋራቸውን በስሙ ጠርተው አብረው በአንድ መንገድ መሄዳቸው ነው።

ለተማሪዎች የሚቀርቡ ጥያቄዎች

1ኛ፤ በረዶ በውሃ ላይ የሚንሳፈፈው ስለ ምንድር ነው? ይህስ ለዓሣ ምን ይጠቅማል?

2ኛ፤ ሆሳዕናና ሞንትሪያል ከምድር ወገብ ያላቸው ርቀት ስንት ስንት ዲግሪ ነው? ልዩነቱስ ስንት ነው?

3ኛ፤ እያንዳንዱ ተማሪ በረዶና ውርጭ በቤቱ ቋንቋ ምን እንደሚባሉ ለጓደኞቹ ይንገር።

4ኛ፤ በበረዶ ሆኪ ያጠፋ ተጫዋች እንዴት ይቀጣል? ወገኖቹስ ስለ ምን አብረው ይቸገራሉ?

5ኛ፤ በ1949 ዓ.ም. ደቡብ አፍሪካ ከአፍሪካ ዋንጫ የተከለከለችው ስለ ምንድር ነው?

6ኛ፤ በ1954 ዓ.ም. በፍጻሜው ጨዋታ ለኢትዮጵያ ግብ ያገቡት እነማን ናቸው?